ሃያ ሦስት ኪሎ

ለገሃር፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት፣ አንበሳው ጥላ በሚጥልበት፣
ሚዛኔ ተቀምጣለች፣ መስታወቷ ስንጥቅ ያለበት።
ሰው ልትመዝን ተሠርታ፣ ሻንጣ መሸከም ከለመደች
አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እስከዛሬ አልዋሸች።

ነይ ስንቅነሽ፣ አምጪው ወዲህ፤ ቀስ፣ እንዳትጎትቺው፣
ጎማው አንድ ነው የቀረው፤ ከጎን ደግፈሽ ያዢው።
ሃያ ሰባት።
አየሽ መርፌዋን?
ትኬትሽ የሚለው ሃያ ሦስት።
አራት ኪሎ ተርፏል። ሰፈሩን አይደለም የምልሽ፣
እዚያስ በሚኒባስ ይደረሳል፤ ይኼኛው ነው የሚያራቁትሽ።
ቦሌ ያሉት መዛኞች ፊታቸው እንደኔ አይፈታም፤
በኪሎ የሚጠሩት ዋጋ፣ ዕቁብ ወጥቶሽም አይሞላም።

እዚሁ ክፈቺው፣ አስፋልቱ ዳር፤ ምን ያሳፍራል?
ትናንት አንድ ሙሽራ ሱፉን እዚሁ ሲያጥፍ ውሏል።
ካፖርቱን አውጥተሽ ልበሺው። ኢስታንቡል እስክትደርሺ ይሞቅሻል፤
የለበስሽውን ማንም አይመዝንም፤ ላቡ እንደሆን ይደርቃል።
ጫማው ሆድ ካልሲ ጠቅጥቂበት፤ ባዶ ቦታም ገንዘብ ነው፤
በርበሬውን በሁለት ላስቲክ፤ ቢፈስ ጉዱ ለልብስሽ ነው።
ፓወር ባንኩን ከዚህ አውጪው፤ በእጅ ነው የሚያዘው፤
እሳት ቢያስነሳ እንኳ፣ ሰው የሚያየው ቦታ ነው የሚሻለው።

ይቺ እሽግ ደሞ የማን ናት?
"የጎረቤቴ፤ ለእህቷ
አድርሺልኝ ብላኝ ነው፤ ቅመም ነው፤ ቀላል ነው ክብደቷ።"
ከፍተሽ አይተሻታል?
አላየሽም። እንግዲያው ትመለሳለች፤
ከሻንጣሽ የተገኘች ሁሉ፣ ያንቺ ናት፤ አንቺን ታሳስራለች።
ጎረቤትሽ ትቀየም። ቂም በይቅርታ ይታጠባል፤
በሰው አገር እስር ቤት ግን፣ ስንቅነሽን ማን በስንቅ ይጠይቃል?

ትኬቱን በስንት ገዛሽው? ... ኧረ! ለስንት ሰው ነው የከፈልሽው?
ያለፈው አልፏል፤ የመጪውን ግን እንደ ጉትቻ አንጠልጥዪው፦
በዓል ሲቃረብ፣ በግና ትኬት አብረው ነው የሚወደዱ፤
አንቺ ወር ተኩል ቀድመሽ ጠይቂ፣ ደላሎች ሳይማልዱ።
ከቸርችል ዳገት እስከ ፒያሳ፣ ቢያንስ ሦስት ቢሮ ግቢ፤
"ሻንጣው ከዋጋው ውስጥ ነው ወይ?" ማለትን ደግሞ አስቢ።
መንገድ ላይ የሚያሳድር ትኬት፣ ርካሽ ነው ብለው ቢያባብሉሽ፣
የአልጋውን፣ የምግቡን ደምሪ፤ ትርፉ እንቅልፍ ማጣት እንዳይሆንሽ።

አሁን በብር የማይገዛውን፣ ዋናውን ነገር አድምጪ፤
አስተናጋጇ ስታሳይ፣ ስልክሽን ወዲያ አስቀምጪ።
ልማደኛው ነጋዴ ቢያንቀላፋም፣ አንቺ ንቂ፤
ቀበቶሽን፣ መብራቱ ቢጠፋም፣ ከወገብሽ አትልቀቂ።
ሰማይም እንደኛ አስፋልት ጉድጓድ አለው፤ ሳይነግር ያነጥራል፤
ያልታሰረ ሰው ያኔ፣ ጣራውን በአናቱ ያንኳኳል።
የአየር ጭንብሉ ከወረደ፣ ቀድመሽ ለራስሽ አድርጊ፤
ከጎንሽ ሕፃን ቢኖርም። ክፋት አይደለም፤ አትስጊ፤
ትንፋሽ ያጠረው እጅ ማንንም አያድንም።

የውሃውን ሰደርያ፣ በሩን ሳታልፊ አትንፊ፤
ሻንጣሽንም እዚያው ተዪው፤ ነፍስሽን ይዘሽ እለፊ።
አዎ፣ ይኼንኑ ሻንጣ፣ ግራም በግራም ያስተካከልነውን፣
ካፖርት የቀነስንለትን፣ ካልሲ የጠቀጠቅንበትን።
እና ከወንበርሽ እስከ በሩ፣ ረድፉን በጣትሽ ቁጠሪ፤
ጭስ ከሞላ ዓይን አይሠራም፤ ያኔ ጣትሽ ነው መሪ።

"ጋሽ ወንድይራድ፣ እርስዎስ ስንት ጊዜ በረሩ?" ትያለሽ?
እኔ የወጣሁበት ከፍታ ይቺ ሚዛን ናት፤ አራት ጣት።
ግን የሄደ ሲመለስ፣ በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው፤
የፈራውን ይነግረኛል፣ በስንፍና የከፈለውን፣ የጣለው።
ያልተመለሱም አሉ።
እነሱን ዛሬ አናነሳም።

በይ፣ እንደገና ጫኚው።
ሃያ ሁለት ተኩል። ግማሿ ለመንገድ አመል ትሁን።
አሥር ብርሽን መልሺው፤ ለውሃ ይሆንሻል፤
ሒሳቡ ዱቤ ነው። ስትመለሺ እዚሁ ታገኚኛለሽ፤
ከወንበርሽ እስከ በሩ፣
ስንት ረድፍ እንደነበር ትነግሪኛለሽ።