መግቢያ በነጻ

በጋን እዚህ አገር «ሰይፍ» ብለው ይጠሩታል፣
ጥላ የሌለው ሰው ለምን እንደሁ ያውቃል።
ነሐሴ ነው። እኛ ዘንድ ጭቃና ጎርፍ ይሆናል፤
ሙሐረቅ ግን በሌት ግድግዳውም ያልበዋል፣
ከደጅ ገና ስንወጣ የማማ ሸይኻ መነጽር
ጉም ይለብሳል።

ባሕሩ ዳር ግንብ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል፤
ከተጻፈው ሁሉ አንድ ቃል ገብቶኛል፤
«መጃነን»። በነጻ።
ሰባት ዓመት ስኖር ነጻ የሚል ነገር
በር ላይ ተጽፎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።
መግቢያው ነው በነጻ። ስለ መውጫው
ወረቀቱ ዝም ብሏል፤
እኔም አልጠየቅሁም።

ወንበሯን እገፋለሁ፣ ጎማው አሸዋ በልቶ ሲጢጥ ይላል።
ከፊት ባለቤቶች፣ ከኋላ ሞግዚቶች፣
ከዚያ ወዲያ ብስክሌት ተደግፈው የቆሙ የህንድ ልጆች።
ውሃም በነጻ ነው። ሁለት ወሰድኩ።

መጀመሪያ የባሕር ሰዎች ወጡ፣ ዕንቁ ጠላቂዎች፤
ጠላቂስ አልቀረም፣ የጠላቂ የልጅ ልጆች፣
ቀን ባንክ የሚሠሩ፣ ጥርሳቸው ያማረ።
ባዶ እንስራ በመዳፍ መቱ።
እኛ ዘንድ ባዶ እንስራ የሚጮኸው ምንጭ ሲደርቅ ነው።
ከሆድ ሥር የሚጎተት ዜማ፣ እንደ መልሕቅ የከበደ፤
ማማ ሸይኻ ጉልበቷን በጣቷ መታች።
አባቷ ጠልቆ ነው የቀረው፤ አንድ ቀን እግሯን ሳጥብ ነግራኛለች፤
አፍንጫውን የሚቆነጥጥበትን ቀንድ ብቻ
ለእናቷ መለሱላት።

ከዚያ መርጃን የሚባል ሽማግሌ
ተደግፎ መጣ፣ ጥቁር፣ እንደ እኔ፣ ከእኔም ይልቅ፣
እቅፉ ውስጥ ክራር።
ክራር አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ከክራር ይተልቃል፣
ከበገና ያንሳል፣ ጨሌ ተንጠልጥሎበታል፤
ግን ቀንበሩን፣ የቆዳ ሆዱን፣ ስድስቱን ጅማት ሳይ፣
ዘመድ በአፍንጫው እንደሚታወቅ
አወቅሁት።

ከጎኑ አንድ ጎረምሳ ወገቡን ታጥቋል
በፍየል ሰኮና፣ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ጨርቅ ላይ በተሰፋ።
የሠፈራችን ባለ ልኳንዳ ጉድጓድ የሚጥለው
እዚህ ዳሌ ላይ ወጥቶ
እንደ በረዶ በቆርቆሮ ጣራ ይወርዳል።
ነሐሴን በጆሮዬ ሰማሁት።

መርጃን ዘፈነ። ዐረብኛ ነው፤ ከዚያ አይደለም፤
መሃል ላይ አንድ ቃል አለ፣ ደጋግሞ የሚለው።
አስተዋዋቂው ድምፅ ማጉያውን አስጠግቶ
«ትርጉሙ ምንድን ነው?» አለው።
ሽማግሌው ሳቀ፤
«አያቴ እንዲህ ይል ነበር፣ እኔ ምን አውቄ፤
አያቴን ያመጣው ጀልባ
ትርጉሙን አልጫነም።»

ጆሮዬን አቆምኩ። አማርኛዬን፣ የእናቴን ኦሮምኛ፣
ከገበያ የለቀምኩትን ጉራጊኛ ሁሉ
ቁልፍ እንደሚሞክር ሌባ አንድ በአንድ ሞከርኩ።
አልከፈተም።
ባወቅሁት ስንቱን በሰጠሁ!
ትከሻዬ ግን ትርጉም አልጠየቀም፤ ብቻውን ተነሣ፣
በአንድ እጄ ቦርሳ፣ በአንድ እጄ ውሃ እንደያዝኩ።

ማማ ሸይኻ ዞራ አየችኝ፤
«ትርንጎ፣ ያገርሽ ሰው ነው?»
«አይደለም ማማ» አልኳት፣ «ያንቺ አገር ሰው ነው።»
ዝም አለች። መነጽሯን ጠረገች፣ እንደገና አየችው፤
ጉሙ ይሁን ሌላ፣ እንጃ፣
ደጋግማ ጠረገች።

ሲያበቃ ኔፓሎቹ ወንበር ደረደሩ፣ ምንጣፍ ጠቀለሉ።
ጎንበስ ብል ከጎማው ሥር አንዲት ሰኮና፣
ክሯ የተበጠሰ፣ ከቀበቶው ያመለጠች።
ማንም አላየኝም፤
ወይም አይቶ ተወኝ።

ዛሬ ጠዋት ሳህን ሳጥብ፣ ሽርጤ ኪስ ውስጥ
ከጓዳው ቁልፍ ጋር ትጋጫለች።
«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» ትላለች ምራቷ ከፎቅ።
«ምንም» እላለሁ፤
ወገቤን ትንሽ
አነቃንቃለሁ።