አየር ሲያጥር የሚበራ

ሬሆቮት፣ ምድር ቤት፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
መስኮት የማያውቀው የማይክሮስኮፕ ቤት።
መብራቱን አጥፍቼ፣ ስልኬንም ደፍቼ
ቁጥር ዐሥራ ሰባትን እጠብቃለሁ።

የኩራዝ ሁሉ ሕግ አንድ ነበረ፤
አየር ካጣ ሞተ፣ ካገኘ ኖረ።
የኔዋ መብራት ግን የተገላቢጦሽ ናት፤
አየር በሞላበት ዳፍንት የያዛት፣
ትንፋሽ ሲያጥር ብቻ ዓይኗ የሚገለጥ።

በቀለሙ ጫፍ ላይ ናይትሮ አሰርኩበት፣
ብርሃኑን ውጦ ዝም የሚያሰኝ ልጓም።
ኢንዛይሙ ኤሌክትሮን ሲያቀብለው
ሊፈታ ይልና፣
ኦክስጅን ደርሶ ከእጁ ይነጥቀዋል።
ነጣቂው ሲጠፋ ልጓሙ ይወልቃል፤
ያን ጊዜ ቀለሙ አፉን ይፈታል።

ቁጥር ሦስት አልሟሟም ብሎ አሸዋ ሆነ።
ቁጥር ዘጠኝ ሴሎቹን ፈጀ፤ መርማሪው ራሱ ገዳይ።
ዐሥራ አራተኛው ከሁሉ የከፋው፤
ለጤነኛውም ለታፈነውም እኩል ፈካ፣
ለጠየቀው ሁሉ "ደህና ነኝ" እንደሚል ሰው።

አጎቴ ጌጡ እንደዚያ ነበር።
ከብርቱካን ማሸጊያው ሲመለስ
ደረጃው መሃል ጎንበስ ይላል፤
የጫማ ክር የሚያስር መስሎ ትንፋሹን ይለቅማል።
ሐኪሟ ስትጠይቀው "በሴደር"፣
እኔ ስጠይቀው "ተመስገን"፣
የቀረውን ሆድ ይፍጀው።
ፎቶው ላይ እብጠቱ ታየ፤ መሃሉ ግን ምን እንደሆነ አልታየም።
ውስጡን ለቄስ ይባል የለ?
ቄሱም መጡ፤
የሰሙት ያንኑ ተመስገን።

ግሪሻ ጋዙን ቀነሰ።
"አንድ ከመቶ" አለ፣ በሩሲያ ዜማ በዕብራይስጥ።
ግራው ሳሕን ሃያ አንድ፤ ጨለማ።
ቀኙ ሳሕን፣
መጀመሪያ ምንም።
ቆይቶ፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ የሴሎች ድቡልቡል፣
ዳሯ እንደጠቆረ
እምብርቷ ቀላ።
ዳር ያሉት ይተነፍሳሉ፤
መሃል ያሉት፣ ገና ዛሬ፣ ተናገሩ።

"አየር ልልቀቅላቸው?"
ለቀቀ።
አዲስ ቅላት አልጨመረም፤ የበፊቱም አልጠፋም።
የወለቀ ልጓም ተመልሶ አይገባም።
ዘግይቶ የመጣ አየር ምናልባት ያድናል፤
የታፈኑባትን ሰዓት ግን አያስክድም።

በደብተሬ ጻፍኩ፦ ዐሥራ ሰባት። ቀይ። መሃል ላይ።
ስወጣ ግን ደረጃው አጋማሽ ላይ ቆምኩ፣
ጎንበስ አልኩ፣
ጫማዬ ክር የለውም።