ሲሶ

ሄክተር፥ አርባ ሁለት ዓመት፥
ቅዳሜ ጧት፥ ሦስት ሰዓት፥
ጤዛ ቢያድር፥ ዶፍ ቢወርድም፥
ሣሩ ቢያድግ፥ ባያድግም፥
ቀን መቁጠሪያ ነበር ጌታህ፤
ሣሩንማ መች አየህ!
ገመዱን ሦስት ጊዜ ስበህ፥
ማጨጃውን አስነሥተህ፥
ቤንዚን ቤንዚን እየሸተትህ፥
የኤልስፔትን ድመት ካጥር አባርረህ፥
ዳር ዳሩን ዞረህ፥ መሃል ገብተህ።
እኔ በመስኮት ብቅ ብዬ፦
«እርጥብ ነው፤ ተወው ይድረቅ፥ ሄክተርዬ!»
በእጅህ ብቻ «ሂጂ» ስትለኝ፥
ሞተሩ ይጮኻል፤ ማን ሊሰማኝ።
ሙልጭ አድርገህ፥ ከሥር ላጭተህ፥
የምልምል ወታደር ራስ አስመስለህ፤
ሐምሌ ቢጫ፥ ነሐሴ ገለባ፥
እኔ ባልዲ ይዤ ስወጣ ስገባ።

ጥር ላይ ሄድህ።
ሣሩ ተኝቶ ነበር፤ አንተም አብረኸው ተኛህ።
እሱ ግን በመጋቢት ነቃ።

ሚያዝያ ሲጋመስ ቁርጭምጭሚቴን አለፈ።
ክሪፍ ትንሽ ከተማ ናት፤ ማንም ምንም አይልም፥
ግን በአጥር በኩል የሚያልፍ ሁሉ እርምጃው ይቀንሳል።
ኤልስፔት መጥታ፦ «ፊንሌይ ይጨድልሽ?» አለች።
«ራሴ» አልኳት። ለምን እንዳልኩ እንጃ።
ማጨጃውን ነክቼው አላውቅም፤
ያንተ ነበር፥ እንደ ጥርስ ብሩሽ።

ስለቱን የሳለልኝ ኪንኬይድ፥ ያ የብረታ ብረት ሱቁ ሽማግሌ፥
ሒሳቡን ተቀብሎ፥ መነጽሩን አውልቆ፦
«ወይዘሮ ሞራግ፥ ከሲሶው በላይ አይንኩ» አለኝ።
ሲሶ!
ባለመሬት እንኳ ከጭሰኛው
ሲሶ ወስዶ ሁለቱን እጅ ይተዋል፥ እንዲከርምበት።
አንተ ግን እህሉንም፥ ዘሩንም፥ ጎተራውንም ነበር የምታስገብረው።

እኔ አሁን ተንበርክኬ
መዳፌን በጎኑ አፈሩ ላይ አቆማለሁ።
ሣሩ ሌባ ጣቴን ካለፈ፥ ጋት ሞልቷል፥ ይታጨዳል።
ካላለፈ፥ ቅዳሜም ቢሆን ቅዳሜ አይደለም።

በግንቦት የጎረምሳ ጢም ነው፤ በአምስት ቀኑ ይመለሳል፤
ሐሙስ ባጭደው ሰፈሩ ይደነግጥ ነበር፥ አሁን ለምዷል።
በሰኔ ሳምንት ሞላ፥ አንዳንዴም አለፈ።
ሐምሌ ላይ ሰማዩ ነጠፈ፤
አዎ፥ ስኮትላንድ ውስጥ! ባታምነኝ ኤልስፔትን ጠይቃት፤
ሃያ አራት ቀን ሳልነካው ከረምኩ።
ለካ ረጅም ሣር ለገዛ ሥሩ ጃንጥላ ነው።
ሰፈሩ ሁሉ ገለባ ሲሆን የኛ ግቢ አረንጓዴ፤
ድመቱ ሳይቀር ተመልሶ መጣ፥ ጀርባውን ሊያክ።

የታጨደውን አልጠርገውም። ይበስብስ፥ ለእናቱ ይመለስ።
ወገቤም አይችል።

አንድ ነገር ግን አልነገርኩህም።
የመጀመሪያው ቀን፥ ማጨጃውን ከዕቃ ቤት ሳወጣ፥
የስለቱን ከፍታ የምትይዘው ማንሻ
አንተ ዕድሜ ልክህን ካሰርህባት የታች ጥርስ ላይ አልነበረችም።
አራተኛው ላይ ነበረች።
ከጎኑ በቀይ የበር ቀለም፥
በተንጋደደው ጽሕፈትህ፥ አንድ ፊደል፦ «ሞ»።

መቼ ነው?
ጥቅምት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ስታጭድ ይሆናል፤
የዚያን ቀን መስኮቱ ላይ አልነበርኩም፥
ፐርዝ ሐኪም ቤት ነበርኩ፥ ለዓይኔ።
ስመለስ ሣሩ ረጅም መሰለኝ፤
«ደክሞሃል» አልኩህ። ሻይህን ጠጣህ፥ ዝም አልህ።

ተናድጄብህ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ተቀመጥኩ።
«ሰማሁሽ» ለማለት
ቀለም ፍለጋ ቆርቆሮ ከፍተሃል፥
ብሩሽ አርሰሃል፥ ተንበርክከሃል፤ በዚያ ጉልበትህ!
አፍህ እኮ እዚያው ነበር፥ ሄክተር፤
ከአፍንጫህ ሥር፥ ምንም ሳያስወጣህ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሦስት ሰዓት።
እግሬ ከልማዱ በሩ ድረስ ወስዶኛል።
መዳፌን አቆምኩ፤ ሁለት ጣት ብቻ።
ጤዛውም አልተነሣም።
ተወው፥ ይድረቅ።