የምላጩ ጥርስ

ቅዳሜ ነው፤ የመሐል ሜዳ ገበያ ገና ሳይበተን፣
መዝጊያዬ በጓሳ ነፋስ ማጠፊያው ሲፈተን፣
አጥላባቸው ገባ፤ በዝተት የጠቀለለውን
ከሰዓቶቼ መሐል አኖረው፣ እንደ ሕፃን የታቀፈውን።

«ሰዓት አይደለም» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት፤
ጠረጴዛዬ ሲያቃስት፣ ጨርቁ ሳይፈታ ለየሁት።
ሽጉጥ ነው፤ ያባቱ፤ እጀታው የቀንድ፣
ለሱ የሚሆን ጥይት ካገር አልቋል አንድ ባንድ።

«ፈቃዱ ይኸው» አለ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ዘርግቶ፣
«ለቅርስ ነው የተመዘገበ፤ አይተኩስም ከቶ።
ብቻ ምላጩ ላልቷል፤ ሲስቡት ዝም ይላል፤
ድሮ ጠቅ ይል ነበር። ያን ድምፅ ጆሮዬ ተርቧል።»

መብራቴን ዝቅ አድርጌ ብሎኑን ስፈታ፣
እሱ ያባቱን ገድል ያወራል በርጋታ፦
አዳባይን ወርዶ ስንቱን እንደጣለ፣
ስሙ ሲጠራ ማዶ፣ ውሻ እንኳ ዝም እንዳለ።

ሞላው ደህና ነው፤ ዝገትም የለው ብዙ።
ጥርሱ ግን፣ መምቻውን የሚይዘው፣ እሱ ነው መዘዙ፤
ተሞርዶ ተሞርዶ ልሟል፣ እንደ ባልቴት ድድ፤
ይህ ያንድ ዘመቻ አይደለም፤ የዕድሜ ልክ ልማድ።
አፈሙዙን ወደ መስኮቱ ይዤ ባንድ ዓይኔ ሳይበት
ጠመዝማዛው እንደ አዲስ፤ የባሩድ ጠባሳ የለበት።

ተኩሶ አያውቅም።
ባዶውን ነው የተሳበው፣ ማታ ማታ፣
በሩ ተቀርቅሮ፣ ኩራዝ ጠፍቶ፣ ልጆች ሲተኙ በተርታ፤
ጠቅ። ውሻ ሲጮኽ፣ ጠቅ። ጅብ ሲያልፍ በጓሮ፣
ጠቅ። ሠላሳ ዓመት፣ እያስፈራ፣ እየፈራ ኖሮ።

እኔ ሰዓት አዳሽ ነኝ፤ ብረት ሲዋሽ አላየሁም፤
ሰው ግን ሲያወራኝ ማቋረጥ አልወድም።
«ጀግና ነበሩ» አልኩት፣ ዓይኔን ከማጉያው ሳልነቅል፤
ሞረዴ ብቻ ሰማኝ፤ እሱም ይፍቃል፣ ዝም ይላል።

ከአሮጌ ግድግዳ ሰዓት ብረት ቆርጬ፣ አግዬ፣ በዘይት አጥምቄ፣
ጥርሱን ሠራሁለት፤ ሦስቴ አስገባሁ፣ ሦስቴ አወጣሁ፣ ተጨንቄ።
ከዚያ ሳብኩት።

ጠቅ።

አጥላባቸው ዓይኑን ጨፈነ። የሰባ ዓመት ሰውዬ
ትከሻው ወረደ፤ ያንቀላፋ መስሎኝ ጠራሁት፣ «ጋሼ» ብዬ።
«ይኸ ነው» አለ። «ይኸን ሰምተን ነው የምንተኛ።
ካልመጣ ዓይናችን አይከደንም ነበር፣ አምስታችንም፣ እኛ።»

ያለቀውን ጥርስ በክብሪት ቀፎ አድርጌ ስሰጠው
«እሱንስ ለማን?» ብሎ ከጠረጴዛው ላይ ተወው።

ሽጉጡን ጠቅልሎ፣ ብሬን ቆጥሮ ሲሰጠኝ፣
«ጥይቱስ?» አልኩት፣ ምላሴን ሲበላኝ።
በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ፤ ነፋሱ ጋቢውን ይዞት፦
«ጥይቱንማ እናቴ ከጎታው ሥር ቀብራዋለች፣ እኔ የተወለድኩ ለት።
ልትሞት ስትል ነው የነገረችን።»

«አባትዎ ያውቁ ነበር?»

መዝጊያውን በትከሻው ገፋ፤ ገበያው ተበትኗል።
«እሷ ነበረች» አለኝ፣ «ማታ ማታ ‹ሳበው እስቲ፣ ልተኛ› የምትል።»