የመዶሻው ፋታ

ቺሎዌ ደሴት ላይ ዝናብ አያባራም፤
ፀሐይ እንግዳ ናት፣ መጥታም አታበራም።
እንጨት ይሻግታል፣ ምስማር ዝጎ ያልቃል፤
ቤት እንደ ዓሣ ሁሉ ቅርፊት ይታጠቃል፣
ከአሌርሴ ግንድ የተሰነጠቀ፣
አንዱ ባንዱ ጀርባ የተደባበቀ።

አሥራ ስድስት ሞልቶኝ፣ ሕልሜን ተመርኩዤ፣
ሽማግሌው ዘንድ ሄድሁ አዲስ መሮ ይዤ።
“ኤሌውቴሪዮ፣ የጌታን ፊት መቅረጽ ልማር፤
ሌላ አልሻም” ስለው ሰጠኝ ጆንያ ምስማር።
“ከመቅደሱ ጓሮ፣ ሰው ከማያየው ጎን
ጀምር እስቲ” አለኝ፤ “ፊቱን እናይ ይሆን።”

ሦስት ዓመት።
ሦስት ዓመት ሙሉ ቅርፊት በቅርፊት ላይ፣
ጀርባዬን ለነፋስ፣ ለባሕር ጨው ሰጥቼ፤
ስንቴ ተራገምሁ አውራ ጣቴን መትቼ!
እሱ ግን ሲመታ፦
ሁለቴ ለስለስ፣
ፋታ፣
አንዴ ጠንከር።

“ፋታው ምንድን ነው?” አልሁት አንድ ቀን።
“እንጨት ሊሰነጠቅ ሲል ቀድሞ ይናገራል፤
ዝም ካላልህለት በምን ይሰማሃል?
መምህሬም እንዲህ ነበር የሚመታ” አለና
ወደ መሰላሉ ተመለሰ።

መጋዛችንን የሰረቀ ባውዲልዮ
ጣራው በማዕበል የተነቀለ ሌሊት፣
መሰላል ተሸክመን በጭቃው ሄድንለት።
“ሌባ እኮ ነው!” አልሁ።
“ሌባም ይረጥባል” አለኝ።
መጋዙ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።
አወረደው፤ ቆረጠበት፤ በዘይት ጨርቅ ወለወለው፤
በዚያው በሌባው ምስማር ላይ መልሶ ሰቀለው።
ባውዲልዮ አላለቀሰም።
እኔም አልገባኝም።

በድብቅ፣ በሻማ፣ አንድ ፊት ቀረጽሁ።
ያማረ ነበር፤ ወስጄ አሳየሁት።
አገላብጦ አየና፣
“አፍንጫው ያንተ ነው” ብሎ ሳቀ፣
መለሰልኝ።

በሐምሌ ሞተ። ሐምሌ እዚያም ክረምት ነው።
ሬሳውን በጀልባ አሻገርን፤
መቃብሩ ውስጥ ውኃ ቀድሞት ገብቶ ነበር።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ ዓይነ ስውሯ ኤርሚንዳ ቤት
ጣራው ላይ ተቀምጬ ስመታ ስጠግን፣
“ኤሌውቴሪዮ!” ብላ ተጣራች ከበሩ፤
“ሞተ ብለው ነበር፣ ዋሽቶኛል መንደሩ!”
“ኒካኖር ነኝ” አልኋት ከላይ ሆኜ።
“አይደለህም” አለች፣
“ፋታውን አውቀዋለሁ።”

መዶሻው በእጄ ላይ ቀዘቀዘ።
መቼ ነው የተማርሁት? የትኛው ጣራ ላይ?
ፊቱን ከግንድ ውስጥ ፈልቅቄ ላወጣ
ስመኝ፣ ስባክን፣ ዓመት ዓመት ሲመጣ፣
ለካ የሚጠረበው ግንድ እኔ ኖሬያለሁ፤
ጓሮ ጓሮውን፣
ሰው ከማያየው ጎን።

እሱም ከመምህሩ፣ መምህሩም ከሌላ፣
ያም ከሌላ ወስዶት፣ ሲሄድ ወደ ኋላ፣
ናዝሬት፣ ካንድ ጓዳ፣ ከመጋዝ ብናኝ ላይ
አንድ ወጣት አናጢ ቀንበር ሲያለዝብ፦
ለስለስ፣ ለስለስ፣
ፋታ።
የበሬው አንገት እንዳይላጥ እያሰበ።

በኋላ የእሱን መዳፍ ሲመቱ
ፋታ አልሰጡትም።
ፋታውን የሰጠ እሱ ነው፤
በሁለት ምት መካከል
ለመቺዎቹ ለመነ።

እኔ ገና ነኝ።
ፊቱን አልቀረጽሁም፤ መሮው ዝጓል።
ባውዲልዮ አርጅቷል፤ ባለፈው ሳምንት
መሰላሌን ወሰደ፣ ሳይጠይቀኝ፤
“ተውሼ ነው” ይላል ለጎረቤት።
ትናንት ነፋሱ ጣራውን ገለጠው።
እየተነጫነጭሁ ምስማር እቆጥራለሁ፤
ነገ በገዛ መሰላሌ እወጣለሁ፦
ለስለስ፣
ለስለስ —