ማን ጠለፈው ውሃውን

የአባቴ ወፍጮ፣ ከመገጭ አጠገብ፣
ሆዷ ውሃ ሲጠጣ፣ አፏ እህል ሲመገብ፣
ከሐምሌ እስከ ጥር ድረስ ስታጓራ ቀን ከማታ፣
የካቲት ቦዩ ሲነጥፍ ትተኛለች ተጠምታ።
ያን ጊዜ እናቴም ወደ መጇ ስትመለስ፣
ክንዷ ነበር ወንዙ፣ ክረምቱ እስኪደርስ።

ወረፋ ጠባቂው ከጠዳ፣ ከአዘዞ፣
ጤፍና ማሽላውን በአህያ ጭኖ፣ ይዞ፣
ከሾላው ሥር ሆኖ ወሬ ያንጓልላል፤
እዚያው ዕዳ ይከፈላል፣ እዚያው ልጅ ይታጫል።
የእኔም መታጨቴ፣ ነፍስ ሳላውቅ ገና፣
እዚያው አለቀ አሉ።
(በኋላ ፈረሰ፤ ለእሱ ይሁን ምስጋና።)

አንዳንድ ሌሊት ታዲያ ድንጋዩ ዝም ይላል፤
አባቴ ከእንቅልፉ በዝምታው ይነቃል።
«ማን ጠለፈው ውሃውን?»
ዶማውን ያነሳል፣
ፋኖስ ሳይዝ በጨለማ ቦዩን ሽቅብ ይከተላል።
ዋሴን ያገኘዋል ከሽንኩርቱ ማሳ፣
ቦዩን በጭቃ ደፍኖ፣ መንደር ሳይነሳ።
ይጮሃሉ፣ ይማማላሉ፣ የውሃ አባት ይጠራል፤
«ለወፍጮ ሦስት ቀን፣ ለሽንኩርት ሁለት ቀን» ይፈርዳል፤
ጎህ ሲቀድ ድንጋዩ እንደገና ያጓራል።

ከዚያ ናፍጣ መጣ።
ጡፍ ጡፍ የሚል ሞተር፣ ጭስ የሚተፋ፣
ውሃ የማይለምን፣ የካቲት የማይከፋ፤
ወረፋው ወደዚያ ሄደ፣ ወሬውም አብሮ ጠፋ።

ከዚያ ደግሞ መብራት።
እኔም ከተማ ወጣሁ፤ ቅዳሜ ገበያ ሥር
ወፍጮ ቤት ተቀጠርኩ፣ ኪሎ ልመዝን፣ ልቆጥር።
አንድ ጣት ነው ሥራው፤ ቁልፉን ስትጫነው
ዱቄት ነው ኩንታሉ፣ ገና ሳታስበው።

ባለፈው ጥር አባቴ ሊጠይቀኝ መጣ።
ሞተሩን ዞሮ አየው፣ እንደሚገዛ በሬ ጎኑን መታ መታ አደረገና
«ምንድን ነው የሚገፋው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳያፍር።
«ውሃ ነው፣ አባባ። ሩቅ አገር ተገድቦ፣
በዚህ ቀጭን ሽቦ ይመጣል ተስቦ።»
ሳቀ አዛናው፣ ጥርስ በሌለው አፉ፣ እንባው እስኪወርድ፦
«እኔስ ምን ስል ኖርኩ!»

ሳቁን ሳይጨርሰው ሞተሩ ዝም አለ።
አምፖሉም፣ የማዶው ብየዳም፣ የፀጉር ቤቱ ራዲዮም።
«መብራት ሄደ!» ብሎ አንዱ ልጅ ጮኸና፣
ሴቶቹ ስልቻቸው ላይ ቁጭ አሉ፤ ወሬ ተጀመረ እንደገና።

አባቴ ግን ቆመ። በራፉ ላይ ሆኖ
ሽቦውን ከምሰሶ ምሰሶ በዓይኑ እየተከተለ፣
ሽቅብ፣ ወደ ቀሃ ማዶ፣ ሽቅብ፣
«ማን ጠለፈው ውሃውን?» አለ።

እጁ ከበሩ ኋላ
ዶማ ይፈልግ ነበር።