የጣሪያው እሳት

ዝናብ እንደ ጀመረ፣ ጉኑንግ ኪዱል ላይ፣
ፌንጣ ለቃሚ ነኝ፣ ሲጠቁር ሰማይ፤
ባትሪዬ በግንባሬ፣ ከረጢት በወገብ፣
ጠብሼ የምሸጠው፣ የልጆቼ ቀለብ።

የፓርዮኖ ዛፍ ላይ፣ ያን ሌሊት ወጣሁ፤
ቅርንጫፍ ገፋኝና፣ ባትሪዬን ጣልሁ።
ተንከባለለ፣ ጣሪያው ላይ ቦግ ጥፍት እያለ፤
ወርጄ አነሣሁት። ከውሻው በቀር፣ ያየኝ ማን አለ?

ሲነጋ በውኃው ቦኖ፣ መንደሩ ሁሉ ቆሞ፣
«እሳት ወረደበት» ይባባላል ደጋግሞ።
የአገሬ ብሂል ነው፤ ከሰማይ የእሳት ኳስ፣
ያረፈበት ቤት፣ አንዱን በገዛ እጁ ሳይወስድ አይመለስ።

ፓርዮኖ ያን ወራት፣ ካሳቫው ደርቆበት፣
ብድር ተቆልሎ፣ እንቅልፍ ርቆበት፣
በሬውን ሸጦ፣ ከደጁ ቁጭ ይላል፤
«ምን ሆንክ?» ያለው የለም፤ «ተጽፎበታል» ይባላል።
የሚስቱን ቴምፔ፣ የሚገዛት ጠፋ፤
አበዳሪው እንኳ፣ በደጁ ሲያልፍ ምራቁን ተፋ።
«ደግ ሰው ነበር» አሉ፣ ቁጭ ብሎ እያዩት፤
በቁሙ፣ በፀሐይ፣ በ«ነበር» ቀበሩት።

እኔስ?
ባትሪዬን ከአልጋ ሥር ሸሸግኩት።
ዐሥራ ሰባት ቀን።
እንዳይሳቅብኝ ፈርቼ፣ የሚገድለውን ዝም አልኩት።

ነርስ ዊናርሲ ሕፃናት ልትመዝን መጣች።
«ስለ ሞት ብጠይቀው፣
ሐሳቡን እኔው አልሰጠውም?» አልኳት።
«የለም» አለች፣ የሚያለቅሰውን ከሚዛን እያወረደች፤
«ጥያቄ ሰው አይገድልም።
ያልተጠየቀ ነው ብቻውን የሚያመሸው።
ከነገረህ፣ ጥለኸው አትሂድ። እኔን ጥራኝ።»

በጠራራ ፀሐይ ሄድኩ፣ ባትሪዬን ይዤ።
አፌ ተሳሰረ። ስለ ዝናብ አወራሁ፣ ስለ ፌንጣ ዋጋ።
ከዚያ፦ «ፓርዮኖ፣ መሞት ታስባለህ?»

ዶሮ ጭራ አለፈች።

«አስባለሁ» አለ።
እንደ ሸክም አወረደው፤ ትከሻው ሲቀል አየሁ።
«እሳቱ እኔ ነኝ» አልኩት። ባትሪዬን አሳየሁ።
«ዐውቃለሁ» አለ፣ «አይቼሃለሁ ከዛፌ ስትወጣ፤
ሌሊት ለፌንጣ የመጣህ፣ ቀን ለእኔ ማን መጣ?»

መልስ አልነበረኝም። አብሬው ቁጭ አልኩ፤
ዊናርሲ እስክትደርስ፣ ከደጁ አልነቃነቅኩ።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከኋላዬ በሞተር፣
ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፤ መንገዱን ሙሉ ሲማረር፦
«ኪኒኑ አፌን አደረቀው፤ ነርሷ ታበዛለች ወሬ፤
ሞተርህ ደግሞ ይንገጫገጫል።» ልክ ነው፣ ይንገጫገጫል በሬ!
እንዲህ ስለው ይስቃል፣ አንዳንድ ቀን። አንዳንድ ቀን አይስቅም።

«እሳቱን የመለሰው፣ ያቀረብነው ሩዝ ነው» ይላል መንደሩ ዛሬም።
በቦኖው ባትሪዬን አብርቼ አሳያቸዋለሁ።
አያምኑኝም።